ለአንዲት ጉጉት የተደረገ ጥበቃ

ተፈጥሮ በክፍለ ከተማችን ያለ ወላጅ ልትቀር ጥቂት ሲቀራት፣ የንፋስ ስልክ ላፍቶ የዱር አራዊት ፎቶግራፍ አፍቃሪያን ማኅበር ተመሠረተ። ከዚያ በፊት የአካባቢያችን አእዋፍ ማንም ሳያያቸው ሲበሩ፣ ማንም ሳያደንቃቸው እንቁላል ሲጥሉ እንደኖሩ የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ላቀው በምሥረታው ዕለት በሐዘን ተናግረዋል። ንግግሩ ረጅም ነበር። ሲያልቅ አዳራሹ ደጃፍ ላይ የነበሩት ርግቦች ሁሉ ሄደዋል።

አቶ ላቀው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው። ከበግ በቀር እንስሳ ቀርበው አያውቁም፤ በጉንም የቀረቡት በሳህን ነው። ይሁን እንጂ ክንድ የሚያክል ሌንስ ከዱባይ አስመጥተዋል፣ ክንድ የሚያክል ሌንስ ያለውን ሰው ደግሞ ሊቀመንበር ከመሆን የሚያግደው ነገር የለም። አባላቱ ብዙ ኪስ ያለው የካኪ ሰደርያ ይለብሳሉ። ኪሶቹ ውስጥ ሶፍትና የስልክ ቻርጀር ይገኛል። በየቅዳሜው መካኒሳ አቦ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ይቀመጡና ይህንን «የመስክ ጉዞ» ይሉታል። በእነዚህ አድካሚ ጉዞዎች የመብራት ምሰሶ ላይ ያረፈ ጭልፊት፣ ከሥጋ ቤት ጀርባ ቆሻሻ የሚበላ አባ ኮዳ፣ እንዲሁም ቀለበት መንገድ ዳር የቆመ አንድ አህያ ለትውልድ ተቀርጸዋል። አህያው ባለቤቱ ከፎቶው ከተቆረጠ በኋላ የዱር አህያ ሆኗል።

መተዳደሪያ ደንቡን ያረቀቁት ዕድር ሲመሩ የኖሩ ሰዎች ስለሆኑ ሥርዓቱ ጥብቅ ነው። ዕድር ለቅሶ የቀረን እንደሚቀጣ ሁሉ ማኅበሩም በቴሌግራም ቡድኑ የተለጠፈን ፎቶ ሳያደንቅ የቀረን ይቀጣል። ቅጣቱ ለተሰበሰበው ሁሉ ማኪያቶ መጋበዝ ነው። ጸሐፊዋ ጸደንያ ማን እንዳደነቀና ማን እንደቀረ በዓይነ ቁራኛ ትከታተላለች። የሰፈራችን ኔትወርክ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ፎቶው እስኪከፈት ሰው ሊቀጣ ይችላል። ስለዚህ ብልህ አባል መጀመሪያ ያደንቃል፣ ከቻለ ኋላ ያያል።

አንድ ጊዜ የመስክ አስተባባሪው ኢያቄም ለሐኪም ሊልክ የፈለገውን የጉልበቱን ራጅ በስሕተት ቡድኑ ውስጥ ለጠፈ። «ብርሃኑን እንዴት እንደተጠቀምክበት» አለ አንዱ። «እንዲህ ያለ ፍጥረት አገራችን ውስጥ መኖሩን አላውቅም ነበር» አለ ሌላው። ራጁ የሳምንቱ ፎቶ ተብሎ ተመረጠ። ኢያቄምም ሽልማቱን እያነከሰ መጥቶ ተቀበለ።

እኔ የምኖረው ሀና ማርያም፣ ከሀኒፋ እህል ቤት ጀርባ ነው። ከእህል ቤቱ ጎን አንድ ያረጀ ዋንዛ አለ። ዋንዛው ላይ አንዲት ጉጉት ቤት ሠርታ ቀን ቀን ትተኛ፣ ሲመሽ ወደ ሥራዋ ትወጣ ነበር። አጥር የሚጋሩን ዶሮ አርቢዋ እትዬ ማሚቴ ነገሩ አላማራቸውም።

«አንቺ ሀኒፋ፣ ይቺን ሟርተኛ አባሪያት። ጉጉት የጮኸበት ቤት ሬሳ ሳይወጣበት አይቀርም።»

«እትዬ ማሚቴ፣ እሷ ከመጣች ወዲህ ከዚህ ቤት የወጣው ሬሳ የአይጥ ብቻ ነው።»

እውነቷን ነው። ጉጉቷ ከመምጣቷ በፊት አይጥ ሀኒፋን ሱቋን ሊያስዘጋት ደርሶ ነበር። መርዝ እህል አጠገብ አይደረግ፤ ያመጣቻትን ድመት መኪና ገጫት። ጉጉቷ ግን ሳትጠራ መጣች፣ ደሞዝም አልጠየቀች። ሀኒፋ ጠዋት ሱቋን ስትከፍት ቀና ብላ «ደህና አደርሽ?» ሳትላት ሚዛኗን አታወጣም ነበር።

የጉጉቷ ዝና ማኅበሩ ጋ የደረሰው በአንድ ጤፍ ገዢ በኩል ነው። በማግስቱ ሰደርያ ለባሾቹ በሁለት መኪና መጡ።

«ወይዘሮ ሀኒፋ፣» አሉ አቶ ላቀው ሌንሳቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ይቺ ጉጉት ብቻዋን አይደለችም።»

«ብቻዋን ነው የተመቻት» አለች ሀኒፋ።

«እኛ ጠባቂዎቿ ነን።»

«ከማን ነው የምትጠብቋት?»

አቶ ላቀው ይህን ጥያቄ አልተዘጋጁበትም ነበርና ወደ ጸደንያ ዞሩ።

«ከግንዛቤ ማነስ» አለች ጸደንያ።

የመጀመሪያው የጥበቃ ርምጃ ጉጉቷን የሚሸፍናትን ቅርንጫፍ መቁረጥ ሆነ። ቅርንጫፉ የፎቶውን ቅንብር እንደሚያበላሽ በሙያ ቋንቋ ተብራራ። ሀኒፋ የጉጉቷ ጥላ መሆኑን ብትናገርም፣ ጥላ ለፎቶግራፍ ጠላት መሆኑን ኢያቄም በትዕግሥት አስረዳት። ጉጉቷ የቀትር ፀሐይ ሲያገኛት ወደ ግንዱ ተጠጋችና ዓይኗን ጨፈነች። እንደጨፈነች ፎቶ ተነሳች፣ ተለጠፈች፣ ተደነቀች።

ደስታው ብዙ አልቆየም። በሌላ ክፍለ ከተማ ያለ ተቀናቃኝ ቡድን ክንፏን ዘርግታ የምትበር ጉጉት ፎቶ ለቀቀ። ማኅበሩ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀምጦ ከማኪያቶ በኋላ አቋም ያዘ፦ የሀና ማርያሟ ጉጉት ከማኅበሩ የተደረገላትን ከፍተኛ ጥበቃ የሚመጥን ትብብር እያሳየች አይደለም። ስለዚህ ትብብሯን የሚያጎለብት ሥራ በመስክ እንዲሠራ ተወሰነ።

ሥራው በጭብጨባ ተጀመረ። ቀጥሎ ፉጨት፣ ከዚያ የመኪና ጥሩምባ። ጉጉቷ ንቅንቅ አላለችም። ሀኒፋ መስፈሪያ ጣሳዋን እንደያዘች ወጣች።

«ቀን እኮ ነው፣ ተኝታለች። እናንተ ሌሊት ስትተኙ ደጃችሁ ድረስ መጥቶ ጥሩምባ የሚነፋባችሁ አለ?»

«ወይዘሮ ሀኒፋ፣ እባክዎ በጥበቃ ሥራው ጣልቃ አይግቡ» አሉ አቶ ላቀው።

ጤፍ ፈላጊ ደንበኛ መጣባትና ልትሰፍር ወደ ውስጥ ገባች። ኢያቄም ሚዛኑ የተቀመጠበትን ባንኮኒ ተደግፎ ቆሟል። ሌሎቹ ካሜራቸውን ወደ ዛፉ ቀስረዋል። ሀኒፋ ጣሳውን ሳትሞላ ቆርቆሮ ጓ ሲል፣ ካሜራዎች ሲንጣጡና ሰዎች ሲጨበጭቡ ሰማች። ስትወጣ ዋንዛው ባዶውን ነው።

«ምን አደረጋችኋት?»

«ምንም። በራሷ ተነሳሽነት ነው የበረረችው» አሉ አቶ ላቀው፣ ግንባራቸውን እየጠረጉ።

ኢያቄም በዚያ ሰዓት የሰደርያውን ኪሶች አንድ በአንድ እየቆለፈ ነበር። ሀኒፋ ተመልሳ ለደንበኛዋ ልትመዝን ስትል ግማሽ ኪሎዋ የሚዛን ብረት የለችም። ከጆንያዎቹ ሥር ፈለገች፣ ባንኮኒው ጀርባ ፈለገች፣ አጣቻት።

ፎቶው «ነፃነት» በሚል ርዕስ ተለቀቀ። ገና ሳይከፈት አድናቆቱ ጎረፈ። ጉጉቷ ግን በዚያው ቀረች፤ አይጦቹ ወሬውን ከማን እንደሰሙ እንጃ፣ ተመለሱ። መጀመሪያ የጤፉን፣ ቀጥሎ የስንዴውን ጆንያ እየበሱ ገቡ። አንዲት ደንበኛ ምስር ስትለቅም አይጥ ትቶት የሄደውን አገኘችና ሰፈሩን ሙሉ አዳረሰችው። ሰው ሱቁን እያየ ማለፍ ጀመረ። ሀኒፋ አንድ ቀን የተበላ ጆንያ እየሰፋች «ልዘጋው ነው መሰለኝ» ስትለኝ ተናደድኩ። ይህ ሱቅ ነው ልጆቿን ያሳደገው።

ለአቶ ላቀው ስልክ ደወለች። ወይ ጉጉቷን መልሱልኝ ወይ ድመት አምጡልኝ አለቻቸው። አቶ ላቀው በጥሞና አዳምጠው የማኅበሩን የጥናት ውጤት ነገሯት። ጉጉቷ አካባቢውን የለቀቀችው በነዋሪው የግንዛቤ ማነስ ምክንያት ነው። ሀኒፋም የነዋሪው ተወካይ ሆና በዓመታዊው የፎቶ ዐውደ ርእይ ላይ እንድትገኝና ግንዛቤ እንድታገኝ ተጋብዛለች። ድመትን በተመለከተ፣ ማኅበሩ የሚሠራው በዱር እንስሳት ላይ ብቻ ነው።

ሀኒፋ ግንዛቤውን ልትቀበል ብስራተ ገብርኤል ወደሚገኘው አዳራሽ ስትሄድ እኔና እትዬ ማሚቴ አጀብናት። የፊት ወንበር ሰጡን። አቶ ላቀው ሰውና ተፈጥሮ ስላላቸው ትስስር እጅግ የሚነካ ንግግር አደረጉ፤ እሳቸው ራሳቸው በጣም ተነኩ። ከዚያም መጋረጃው ተገፈፈና የዓመቱ ምርጥ ፎቶ ግድግዳውን ሞልቶ ታየ።

ሀቁን ለመናገር ያምር ነበር። ጉጉቷ ክንፏን እስከ ጫፍ ዘርግታለች፣ ዓይኗ እንደ ብርቱካን ፈጧል። ከግራ ክንፏ ሥር አንዲት ጠቆር ያለች ክብ ነገር ትታያለች። ጸደንያ የዳኞቹን አስተያየት አነበበች።

«ከክንፉ ሥር የምትታየው የቀን ጨረቃ ሰማይንና ምድርን በአንድ ቅንብር በማስተሳሰር፣ ነፃነት ወሰን የሌለው መሆኑን ታበስራለች።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ሀኒፋ መነጽሯን ከቦርሳዋ አወጣች፣ ተነስታ ወደ ግድግዳው ሄደች፣ ጨረቃዋን ቀርባ አየቻት።

«ይቺ የኔ ግማሽ ኪሎ ናት» አለች።

«ወይዘሮ ሀኒፋ፣» አሉ አቶ ላቀው ፈገግ ብለው፣ «የጥበብ ሥራን ሁሉም እንደየስሜቱ ነው የሚተረጉመው።»

«እንዴ፣ ጥበቡ ላይ አምስት መቶ ግራም ተብሎ ተጽፏል እኮ። ሰማያዊ ቀለሙንም እኔ ነኝ የቀባኋት፣ ገበያ ላይ እንዳትለወጥብኝ ብዬ።»

ሰው ተንጠራርቶ አየ። የዱባዩን ሌንስ ሊወቅስ የሚችል የለም፤ ቁጥሩን አንድ በአንድ አውጥቶታል። ይህን ፎቶ ማኅበሩ በሙሉ አድንቆታል፣ ዳኞቹም ሸልመውታል፤ ዓይኑን ጥሎ ያየው ሰው የተገኘው ግን ገና ያን ዕለት ነው። ኢያቄም የአዳራሹን ጣሪያ በታላቅ ትኩረት ይመረምር ጀመር።

«ታዲያ ንብረቱ የእርስዎ ከሆነ፣» አሉ አቶ ላቀው ድንገት መውጫ ያገኙ መስሏቸው፣ «ወርዋሪዋም እርስዎ ነዎት ማለት አይደለም?»

«እኔ ውስጥ ጤፍ እየሰፈርኩ ነበር» አለች ሀኒፋ ድምጿን ሳታነሳ። «እናንተ ሁላችሁም ካሜራችሁን ደግናችሁ ትጠብቁ ነበር። የተኛች ወፍ አሁን እንደምትበር ማን ነገራችሁ?»

በዚህ መሐል ስልኮች ይንጫጩ ጀመር። አዳራሹ ያልመጡ አባላት ቅጣቱን ፈርተው ከያሉበት አድናቆት ይልኩ ነበር፦ ጨረቃዋ ልብ ትሰርቃለች፣ ጨረቃዋን እንዴት አገኛችኋት።

ዳኞቹ ለጥቂት ጊዜ ተመካከሩ። ፎቶው አሸናፊነቱ ጸና፣ ምድቡ ብቻ ከ«ጸጥታ» ወደ «እንቅስቃሴ» ተዛወረ። ለወይዘሮ ሀኒፋም ለሥራው መሳካት ላደረጉት የቁሳቁስ ድጋፍ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። ሀኒፋ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ድመቷስ?» አለች። ፕሮግራሙ ወደ ማኪያቶ ተሸጋገረ። ወረቀቱን ሱቁ ውስጥ ሰቀለችው፤ አይጦቹ ከማኅተሙ ጀምረው በሉት።

ክረምቱ ሲገባ የእትዬ ማሚቴ ጣሪያ አፈሰሰ። ቆርቆሮው ሲጠገን ግማሽ ኪሎዋ ዝጋ፣ ጣሪያውን በስታ ኮርኒሱ ላይ ተቀምጣ ተገኘች። እትዬ ማሚቴ ብረቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ለሀኒፋ አመጡላት። ያን ቀን ስለ ሟርት አልተነሳም። ስለ ማኅበሩ ግን እዚህ የማልጽፈውን ብዙ ተናገሩ።

መስከረም ሲጠባ የተቆረጠው ቅርንጫፍ አቆጥቁጦ ቅጠል አወጣ። አንድ ጠዋት እትዬ ማሚቴ ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ ወደ እህል ቤቱ መጡ።

«ሀኒፋ፣ መጥታለች። ስትጮህ ሰማኋት።»

«ሟርት አይደለም እንዴ?»

«ዝም በይ። ለማንም እንዳትናገሪ።»

ያችው ትሁን ሌላ አላወቅንም። ሰፈሩ ግን በአንድ አፍ ዝም አለ። በስብሰባ ያልተወሰነ፣ ደንብ ያልተጻፈለት ዝምታ ነበር። ጆንያ መብሳቱ ቀነሰ፣ የሸሹት ደንበኞችም አንድ ሁለት እያሉ መጡ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ የአቶ ላቀው መኪና በሰፈሩ ብቅ አለች።

ሀኒፋ መኪናዋን ከሩቅ እንዳየች ሚዛኗን አነሳች። ብረቶቹን ከትልቁ እስከ ትንሹ ሰብስባ ወደ ውስጥ አስገባች። መስፈሪያ ጣሳውንም አልተወችውም። እትዬ ማሚቴ ከዋንዛው ሥር ቆመው ጠበቋቸው።

«እናቴ፣ እዚህ አካባቢ ጉጉት ታየች የሚባል ወሬ ሰምተን ነበር» አሉ አቶ ላቀው።

«ጉጉት? ጉጉት ሟርት አይደለች እንዴ? ብናይማ በድንጋይ አናባርራትም ነበር?»

«አያችሁ፣» አሉ አቶ ላቀው ወደ አባላቱ ዞረው በሐዘን፣ «የግንዛቤ ችግር ማለት ይሄ ነው።»

ባዶ እጅ መመለስ ለማኅበሩ ክብር ስለማይመጥን፣ ክንድ የሚያክለው ሌንስ ከዋንዛው ሥር አፈር ወደምትጭረው የእትዬ ማሚቴ ዶሮ ዞረ። ኢያቄም ተንበረከከ፣ ጸደንያ ብርሃኑን አመቻቸች። ፎቶው እዚያው ተለጠፈ። እዚያው «ብርቅዬ»፣ «ከመጥፋቷ በፊት ደረሳችሁላት» የሚል አድናቆት ይንጣጣ ጀመር።

ከራሳቸው በላይ፣ ቅጠሉ ውስጥ፣ ጉጉቷ አንድ ዓይኗን ከፈት አድርጋ ቁልቁል አየቻቸውና መልሳ ጨፈነችው። ሀኒፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ደንበኛ መጥቶ ግማሽ ኪሎ ምስር መዝኚልኝ ሲላት፣ ዓይኗን ከሰደርያዎቹ ሳታነሳ «ትንሽ ታገሰኝ፣ እነዚህ ይሂዱና ሚዛኔን ላውጣ» አለችው።