የጀማል መንጋጋና የውሃ ሞተሩ

ሰው ትልቁን ነገር በችኮላ፣ ትንሹን ነገር በጭንቀት የሚመርጥ ፍጥረት ነው። ካላመናችሁኝ የየራሳችሁን ቤት ተመልከቱ። እኔን ለጀማል የሰጡኝ ሽማግሎች ነገሩን ለመጨረስ አንድ ምሳ እንኳ አልፈጀባቸውም፤ ወጡ ሳይቀዘቅዝ ባል አገኘሁ። እኔና ጀማል ግን በስተርጅና አንዲት የጥርስ ማጠቢያ ለመምረጥ ከሚሴን ላይ ታች ስንላት ከረምን። ደግነቱ ሁለቱም ምርጫ አላስቆጨኝም።

ጀማል ካለፈ ወዲህ መጻፍ ጀምሬአለሁ። ደግ ነበር፣ ሰጋጅ ነበር፣ ቃሉ የታመነ ነበር፤ ይህን ይህን አገሩ ያስታውስለታል፣ በለቅሶውም ላይ ተብሏል። እስከ ደረቱ ውሃ በውሃ ሆኖ ሱቅ መሃል መቆሙን ግን ከእኔ በቀር ማን ያስታውስለት? ለቅሶ ላይ እንዲህ ያለው አይወራም። አይወራም እንጂ እኔ የሚናፍቀኝ እሱ ነው።

ጀማል የከብት ነጋዴ ነበር። በጨፋ ሮቢት ገበያ እሱ ያልከፈተው የበሬ አፍ አለ ለማለት ይከብደኛል። የበሬ ዕድሜ የሚታወቀው በጥርሱ ስለሆነ፣ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚከፈተው የበሬው አፍ ነው። ከንፈሩን ገለጥ፣ ጣትን ሸጎጥ፣ ከዚያ "ይኸማ ጥርሱን ጨርሷል" ማለት ነው። ጥርሱን የጨረሰ በሬ ወዴት እንደሚነዳ ታውቃላችሁ። ወደ እርሻ አይደለም።

ታዲያ የስንቱን በሬ አፍ ያየ ሰው የራሱን አፍ ለማንም አሳይቶ አያውቅም ነበር። ድዱ መድማት ጀመረ፤ ዝም። በቀኝ በኩል የቀረችው አንዲት መንጋጋ መነቃነቅ ጀመረች፤ ዝም። የተጠበሰ በቆሎ ሲቀርብለት "እናንተ ብሉ፣ እኔ ጠግቤአለሁ" ማለት ሲያበዛ ግን ነቃሁበት። በእሸት ወራት በቆሎ የሚያሳልፍ የጨፋ ሰው ወይ ታሟል ወይ የደበቀው ነገር አለ። ጨቅጭቄ ደሴ ወሰድኩት።

የጥርስ ሐኪሟ አፉን አስከፍታ ተመለከተችና፣ "አባባ፣ ሌላው ደህና ነው። የዚህች መንጋጋ ድድ ግን ሸሽቷል" አለችው። "በውሃ ግፊት የጥርስን መሃል የሚያጥብ ማሽን አለ፤ ለስለስ ያለውን መርጣችሁ ግዙ። ብሩሹም አይቅር። ስትመለሱ ድዱ ከጠነከረ ትተርፋለች፤ ካልሆነ እንነቅላታለን።"

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ፣ ሐርቡን ስናልፍ ወደ እኔ ዘወር አለ።

"ፋጤ፣ ከነቀሉኝ እኔ ገበያ አልወጣም።"

"ምነው?"

"የከብት ደላሎቹ እነ ይማም ዋጋ ያወጡልኛላ!"

ሳቄ መጣ። ፊቱን ሳየው ግን ዋጥኩት። ሰውየው ከልቡ ነበር።

ከሚሴ ሱቅ ለሱቅ ስንዞር ሰንብተን፣ በመጨረሻ መነኸሪያው አጠገብ የኤሌክትሪክ እቃ የምትሸጥ ሰዓዳ የምትባል ልጅ ዘንድ ገባን። ሁለት ዓይነት አወጣችልን። አንደኛው በእጅ የሚያዝ፣ እንደ ስልክ ቻርጅ የሚደረግ ትንሽ ነው። ሁለተኛው ትልቅ የውሃ መያዣ ያለው፣ ሶኬት ላይ ካልተሰካ የማይሠራ ነው። እኔ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አንብቤ ወዲያው ትንሹን መረጥኩ። ግፊቱ ዝቅ ይላል፤ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። በከሚሴ ደግሞ መብራት ቢጠፋ አይባልም፣ ሲጠፋ ነው የሚባለው።

ጀማል ግን በሕይወቱ ያለ ደላላ እቃ ገዝቶ አያውቅም። ወጣ ብሎ ይማምን ይዞት መጣ። ይማም የከብት ደላላ ነው፤ ሽርጡን አገልድሞ፣ ዱላውን ይዞ ሱቁ ውስጥ ገባ።

"ኩኒ ማሊ? ይኸ ምንድን ነው ጃል?" አለ ትልቁን በዱላው ጫፍ ነካ አድርጎ።

"የውሃ ሞተር ነው። ለጥርስ።"

"ለጥርስ? እኔ ቦርከና ዳር ሽንኩርት ልታጠጣበት መስሎኝ!"

ከዚያ እንደ ወጉ እየዞረ ያየው ጀመር። ከላይ ተጫነው፣ ሆዱን መታ መታ አደረገው፣ ገልብጦ ታቹን አየው። "ትንሹ ጥጃ ነው፣ ተወው። ይኸ ግን ሰንጋ ነው። ቁመናውን እየው! ውሃ አያያዙን እየው!"

"አያ ይማም፣ ሐኪሟ ለስለስ ያለውን ነው ያለችው" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ ወረቀት አንብበሽ በሬ ትገዣለሽ?"

"በሬ አይደለማ!"

"ነገሩ አንድ ነው።"

ጀማል እንዲሞከርለት ጠየቀ። ሰዓዳ ደነገጠች። "አባባ፣ አፍ የገባ እቃ ለሌላ አይሸጥም እኮ።"

"ልጄ፣ ሳይራመድ የተሸጠ በሬ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ሰዓዳም የከሚሴ ልጅ ናትና አላየችም። ውሃ ሞላችለት፣ ሰካችለት፣ ሳፋ አቀረበችለት። "ጎንበስ ይበሉ፣ ከንፈርዎን ገጠም ያድርጉ" ብላ አስጠነቀቀችው።

እንግዲህ ፍረዱ። ዕድሜ ልኩን ጥርስ ሲታይ ከንፈር ተገልጦ የኖረ ሰው ከንፈሩን እንዴት ይግጠም? ጀማል በሁለት ጣቱ ከንፈሩን ሽቅብ ገለጠ፣ ደላላው እንዲያይለት አፉን ወደ ይማም አዞረ፣ ቁልፉንም እመጨረሻው ጉልበት ላይ አድርጎ ተጫነው።

ውሃው ከጀማል ጥርስ ነጥሮ ይማም ግንባር ላይ አረፈ። ይማም "ያ አላህ!" ብሎ ሲጮህ ጀማል ደነገጠ፤ ማጥፋቱ ቀርቶበት መድኃኒት በግድ እንደሚግቱት በሬ ራሱን ግራ ቀኝ ያወዛውዝ ጀመር። ውሃው ሱቁን ጎበኘው። የስልክ መሸፈኛዎቹን አጠበ፣ ግድግዳውን አጠበ፣ እኔንም አልረሳኝም። ሰዓዳ ከጠረጴዛው ሥር ገብታ ሶኬቱን ነቀለችው።

ይማም ፊቱን በሽርጡ ጫፍ ጠረገ። ቀስ ብሎ ወደ ትልቁ ማሽን አየና፣ "ይኸ ተዋጊ ነው" አለ። "ጀማል፣ አመለኛ ከብት ቤትህ አታስገባ። ጥጃውን ውሰድ።"

ጀማልም እሺ አለ! ሐኪም ስትናገር ያልሰማውን፣ ካርቶን ሲናገር ያልሰማውን፣ ሚስት ስትናገርማ ጭራሽ ያልሰማውን ይማም ሲናገር ሰማው። አንዳንድ ወንድ እውቀት በጆሮው አይገባለትም፤ ፊት ላይ መረጨት አለበት።

ከዚያ ወዲህ እራት በተበላ ቁጥር ግቢያችን ውስጥ ሳፋ ይቀርባል። ለብ ያለ ውሃ እሞላለታለሁ፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ጎንበስ ይላል፤ እኔ ፎጣ ይዤ "ከንፈር!" እያልኩ አዛለሁ። ጥርስና ከንፈር ሲደጋገፍ ያምር የተባለው ለካስ ለዚህ ኖሯል። ውሎ አድሮ ደሙ ቆመ፣ ድዱም ጠነከረ። ደሴ ስንመለስ ሐኪሟ መንጋጋዋን ነካ ነካ አደረገቻትና፣ "ትኖራለች፣ አባባ" አለችው።

ደስታውን ብታዩ! ለሚኒባሱ ረዳት ሳይቀር አፉን ከፍቶ አሳየው። ጨፋ ሮቢት ገበያም ራሱ ከንፈሩን ገልጦ ሄደ፤ ይማም ጣቱን ሊያስገባ ሲል በስንት ግልግል ተረፈ። "ገና ያርሳል!" ብሎ ፈረደለት።

እኔም የእሸቱ ወራት ሳያልፍ ደህና በቆሎ መርጬ ጠበስኩለት። አነሳ፣ ቢስሚላህ አለ፣ በግራው ያኝክ ጀመር።

"በቀኙ እንጂ!"

"ተይ ፋጤ! ስንት የተደከመባትን በበቆሎ ላሰብራት?"

"ታዲያ ለምን አተረፍናት?"

"እንድትኖር።"

የሶፋችሁን ላስቲክ ሳትገፍፉ፣ ለእንግዳ ብላችሁ ቡፌ ውስጥ የቆለፋችሁትን ብርጭቆ ሳታወጡ በጀማል እንዳትስቁ። የወደድነውን ነገር የምናከብረው ባለመንካት ነው። እንግዳው ግን ይዘገያል፤ አንዳንዴም የሚመጣው ባለቤቱን ሊወስድ ነው።

ጀማል መንጋጋዋን እንደ ጠበቃት ሄደ። አንድ ፍሬ ሳትሰብር፣ አንድ አጥንት ሳትግጥ፣ እንደ ነጣች አብራው አፈር ገባች። አላህ ይቀበለው፤ እሷንም ጭምር።

ጎረቤቶቼ "ለሐዘንተኛ ለስለስ ያለው ይሻላል" እያሉ ገንፎና ሾርባ ያመጡልኛል። እጃቸው ይባረክ፤ አመስግኜ እቀበላለሁ። እነሱ ሲወጡ የሽምብራ ቆሎዬን አወጣለሁ። እያለቀስኩም ቢሆን እበላለሁ።

በሁለቱም በኩል አኝካለሁ።