በግንበኛ ሜትር የመጣች ኢየሩሳሌም

ድሮ ሰው የሚታወቀው በደጁ ነበር። ደጁ የተጠረገ፣ ደጁ እንግዳ የማያጣ እየተባለ ይመሰገን ነበር። አሁን ደጅ የታለና፤ ሁሉም የቆርቆሮ አጥሩን እስከ አንገቱ ስቦ ተቀምጧል። ስለዚህ እኔ ሰውን የማውቀው በጣሪያው ሆኗል። ኮተቤ ከእኛ በላይ ካለው ዳገት ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ብታዩ የሰፈሩን ገመና ሁሉ ታነቡታላችሁ። ሮቶ የሰቀለው ውሃ በፈረቃ መጠበቅ የሰለቸው ነው። ሁለት ዲሽ ያለበት ቤት ባል ኳሱን፣ ሚስት የቱርክ ድራማዋን ለየብቻ የሚያዩበት ነው፤ አንድ ዲሽ ያለበት ገና የሚጣሉበት ነው። አሮጌ ጎማ የጫነበት ነፋስ የሚፈራ ነው። ምንም የሌለበት ጡረተኛ ነው።

የእኔን ጣሪያ ያየ ግን ምን እንደሚል ይጠፋዋል። እንደ ተከፈተ መቀስ የተንቦረቀቁ ሁለት ዘንጎች ቆመውበታል። ሰፈሩ «የብዙነሽ ልብስ መስቀያ» ይለዋል። ይበል። ከሰማይ ፎቶ የሚያወርድ ልብስ መስቀያ ያለው ካለ እስቲ ያሳየኝ።

ዘንጎቹን የተከለቻቸው ፌቨን ናት፤ የልጄ ልጅ። እናቷ በወሊድ ስታርፍብኝ በፎጣ ተጠቅልላ እጄ ላይ የገባች ናት። ያን ዓመት እኔ ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ልሄድ ተሰናድቼ፣ ነጩን ቀሚስ እንኳ አሰፍቼ ነበር። አራስ ልጅ ታቅፎ ኢየሩሳሌም አይኬድም፤ ኢየሩሳሌምን ትቶ ልጅ ማቀፍ ግን ይቻላል። አቀፍኩ። ቀሚሱን ለክርስትናዋ ለበስኩት። ይህን ለማንም አውርቼ አላውቅም፤ ለሰፈሩ ብቻ ነው የነገርኩት።

ዛሬ ያቺ ፎጣ ውስጥ የነበረች ዩኒቨርሲቲ ገብታ የኤሌክትሪክ ትምህርት ትማራለች። «አንቺ» ትለኛለች፤ ያሳደግኳት እኔ ስለሆንኩ የምከሰው የለኝም። እኔን መሠረተ ትምህርት ፊደል አስቆጥሮኛል፤ ከዚያ የተረፈውን ሰፈሩ ነው ያስተማረኝ። እናም አንድ ቀን ላፕቶፗ ጎን ላይ አውራ ጣት የምታህል ነገር ሰክታ «እምዬ፣ ራዲዮው ይሄ ነው» ስትለኝ አላመንኳትም። የሟች ባለቤቴን ራዲዮ ሁለት ሰው ነበር የሚሸከመው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከላያችን የምትዞር ሳተላይት አለች፤ ምድርን እያየች ያየችውን በድምፅ ትናገራለች። ድምጿ ሰው የሌለበት ቤት ውስጥ እንዳለ የግድግዳ ሰዓት ቲክ ቲክ ይላል። ዘንጎቹ ይሰማሉ፤ ላፕቶፑ የተሰማውን እንደ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ አንድ አንድ መስመር እያለ ይሸምነዋል፤ ሲያልቅ ስዕል ይሆናል። በዚያ ላይ ሳተላይቷ አሮጊት ናት። የሠሯት ሰዎች ጥቂት ዓመት ትሠራለች ብለው ነው አሉ የሰደዷት፤ እሷ ግን ፌቨን ሳትወለድ ጀምሮ ትዞራለች፤ አንዱ ዕቃዋ ሲሰበር በሌላው እየሠራች፣ አንዳንዴም እየተደነባበረች። ይህን ስሰማ ወደድኳት። በቃሽ የሚላት ቢኖር እንኳ የምትሰማው አይመስለኝም።

የመጀመሪያው ስዕል የመጣ ዕለት ጣናን እንደ ባቄላ፣ እነዝዋይንና ላንጋኖን እንደ ተበተነ ምስር አየኋቸው። አገርን ከላይ ማየት ለባለሥልጣን ብቻ የተፈቀደ ይመስለኝ ነበር።

«ኢየሩሳሌምስ የት ናት?» አልኳት።

ፌቨን ጥያቄውን ስትጠብቀው እንደነበረ ገባኝ። «እምዬ፣ ሳተላይቷ የምትነግረን ከበታቿ ያለውን ብቻ ነው። የምትመጣው ከሰሜን ነው። ኢየሩሳሌም ላይ ስትሆን ለእኛ ገና ከሰማዩ ጫፍ ብቅ ማለቷ ነው፤ ያኔ ድምጿን እንጦጦ ይጋርደዋል። ጋራውን ዘላ ስንሰማት ግብጽን እያለፈች ነው።»

እንግዲህ ስሙልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከኢየሩሳሌም የለየኝ ባሕርና አየር መንገድ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ጓሮዬ ያለው ጋራ ነው።

ይህን በሆዴ ይዤ ብቀመጥ ደግ ነበር። ግን በወሩ ሃያ አንድ የማርያም ማኅበራችን ደረሰና አስካለ ዘንድ ተሰበሰብን። አስካለ እኩያዬም ጎረቤቴም ናት፤ አጥራችንም ጭቅጭቃችንም አንድ ነው። ኢየሩሳሌም ደርሳ ከመጣች ወዲህ ግን «ኢየሩሳሌም» ካልተባለች አትሰማም። «አስካለ፣ ጨው አቀብዪኝ» ብትሏት ጨው የለም። «ኢየሩሳሌም» ስትሏት ጨውም በርበሬም ይመጣል። የዚያን ቀን እንደ ልማዷ ጎልጎታን ካወጣችና ካወረደች በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«እስቲ ብዙነሽ፣ ያ ልብስ መስቀያሽ ምን አሳየሽ?»

«ደመና» አልኳት።

«ደመናማ እኔም በመስኮት አያለሁ።»

ማኅበርተኛው ሳቀ። እኔ የተሳቀብኝ እንደሆነ አፌ ከእኔ ቀድሞ ይነሣል። «በሚመጣው ማርያም» አልኩ፣ «ኢየሩሳሌምን እዚህ ገበታ ላይ አመጣታለሁ። ካላመጣሁ ዘንጎቹን በገዛ እጄ አውርጄ እውነትም ልብስ አሰጣባቸዋለሁ።»

ቤት ገብቼ ለፌቨን ስነግራት ራሷን ያዘች። «እምዬ፣ ምን ነካሽ?» አለችኝ። ምን ይነካኛል፤ አፌ ነው። የተናገርኩት ቃል ግን የእኔ ብቻ አልነበረም፤ የእሷም ዘንግ ተይዟል። ደግሞም እውነቱን ልንገራችሁና፣ ከአስካለ አፍ ይልቅ የከነከነኝ ሌላ ነው። ዐይኔ እየደከመ ነው። ሳላያት እንዳላልፍ ነው የፈራሁት።

ፌቨን ነገር ከተያያዘች አትለቅም፤ በማን ወጥታ አትሉም? የጣሪያው ተተክሏል፣ አይነቀልም፤ ስለዚህ በእጅ የሚያዝ ሌላ አንቴና ሠራች። ከምን መሰላችሁ? ከግንበኛ ሜትር። ያንን ቢጫውን፣ ሲጎትቱት ወጥቶ ሲለቁት ዘሎ የሚገባውን፣ ቆራርጣ በአንድ የላስቲክ ውሃ ቱቦ ላይ ሦስት ቦታ አጋደመችው። ቁጥሮቹ እንዳሉ ናቸው። እንጦጦ ራጉኤል ደጅ ሄደን ከጋራው በላይ ከሆንን የሚጋርደን የለም አለች። እኔም መውጣታችን ካልቀረ በራጉኤል ቀን ይሁን ብዬ ወሩ የገባ ዕለት በማለዳ ተነሣን።

አንቴናው ታክሲ ውስጥ እየተወዛወዘ ሰው እንዳይወጋ በነጠላዬ ጠቅልዬ ታቀፍኩት። እዚህ ላይ ቆም በሉና ነገሩን በሌላ ሰው ዐይን እዩልኝ። ነጭ የለበሰች አሮጊት፣ በራጉኤል ቀን፣ ሦስት ክንድ ያለው ረጅም ነገር በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ምን ትላላችሁ? እኔ እንደሆነ ምንም አላልኩም። ረዳቱ «ለእማማ ቦታ ልቀቁ» ሲል፣ ጎረምሳው ከፊት ወንበር ዘሎ ሲነሣ፣ አንዲት ሴት የነጠላዬን ጫፍ ስትስም፣ ዕድሜዬን ያከበሩ መስሎኝ ኮራሁ። ፌቨን አፏን በእጇ ይዛ ወደ መስኮት ትስቃለች።

ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመን ከቅጥሩ ውጭ፣ ባሕር ዛፉ ወደሚሳሳበት፣ መሬቱ ወደ ሱሉልታ ወደሚያዘቀዝቅበት ሄድን። ሰሜኑ ወለል ብሎ ይታያል። ፌቨን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አደረገች።

«አንቴናውን ማን ይያዝ?» አልኳት።

«እኔ በአንድ እጄ እሞክራለሁ። የአንቺ እጅ ይደክማል።»

«አንቺን ይዞ አልደከመም» ብዬ ነጠላውን ፈታሁና ወደ ሰሜን አነሣሁት።

መጀመሪያ ዘይት ላይ ሽንኩርት የጣሉ ያህል ጭስስስ ይል ነበር። ቀስ ብሎ ከጭስታው ሥር አንዲት ቀጭን ቲክ ቲክ መጣች። «መጣች!» አለች ፌቨን። «ድምፁ ከደከመ ፈልጊው፤ ከጠራ አትነቃነቂ።» እኔም እንደ ሐውልት ቆምኩ። ስዕሉ መሸመን ጀመረ።

በዚህ መካከል ከበስተጀርባዬ ኮቴ ሰማሁ። ፊቴን ማዞር አልችልም። አንድ ሙሉ ሰው፣ ሰማያዊ የጸበል ጀሪካን በትከሻው ያዘለ፣ ዞሮ ፊቴ መጣና ጀሪካኑን አውርዶ ጎንበስ አለ።

«እማሆይ፣ ያሳልሙኝ።»

«ልጄ፣ እኔ ቆብ አልደፋሁም። ይህም መስቀል አይደለም፤ የግንበኛ ሜትር ነው።»

«ትሕትናዎን ያብዛልዎ» አለኝ።

እውነት ተናግሬ እንዲህ የተመሰገንኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። አንቴናውን እንዳላሸሸው ድምፁ ይጠፋል፤ ሰውየውን እንዳልገፋው እጄ ተይዟል። ሰውየው እንደ ደንቡ ግንባሩን አስነካ፤ ራዲዮው ጭስስ አለ። ከንፈሩን አስነካ፤ ጭስስ። ደግሞ ግንባሩን። ፌቨን «እምዬ፣ ሰው አታስነኪ!» ብላ ጮኸች፤ እሱ መረቀንና ጀሪካኑን አዝሎ፣ ደስ ብሎት ቁልቁለቱን ወረደ።

ቲክ ቲኳ ተመልሳ ጠራች። እስክትርቅ ድረስ ተከተልኳት። ክንዴ ቢዝልም ለፌቨን አልነገርኳትም፤ ለእናንተም አልነገርኳችሁም። ከዚያ ሄጄ ላፕቶፑ ላይ ጎንበስ አልኩ። ትልቁ ባሕር ጥቁር ሆኖ ተዘርግቷል። ከዳርቻው ትንሽ ገባ ብሎ የጥፍር ቁራጭ የምትመስል ጥቁር ስንጥቅ አለች፤ ሙት ባሕር ናት አለችኝ። ፌቨን ጣቷን ከእሷ በስተግራ፣ ጤፍ የምታህል አመድማ ቦታ ላይ አሳረፈች።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት፣ እምዬ።»

ጉልላት የለ፣ ግንብ የለ። አመድ የመሰለች ነጥብ። ረጅም ጊዜ አየኋት። እንጦጦ ላይ ነፋስ ኃይለኛ ስለሆነ ዐይን ያስለቅሳል፤ የፌቨንንም አስለቅሷል።

ከነጥቧ ሥር፣ ስዕሉን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጡ፣ እንደ ነጠላ ጥለት የተደረደሩ ሦስት ነጫጭ መስመሮች አሉ። ሰውየው የነካበት ነው። ፌቨን «እነዚህን ላጥፋቸው?» አለች። «እንዳትነኪ» አልኳት።

ሃያ አንድ ደረሰ። ስዕሉን ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትመን ሄድኩና ማኅበርተኛው ፊት፣ ከዳቦው ጎን ዘረጋሁት። ሴቶቹ አንገት ለአንገት ተደራረቡበት። አንዷ «ሳምባ ነው እንዴ?» አለች፤ እሷ ባለፈው ራጅ ተነሥታ ስለነበር አልፈረድኩባትም። አስካለ መነጽሯን አወጣች፣ ጠረገች፣ አደረገች። ጣቴን ጥቁሯ ስንጥቅ ላይ አሳርፌ «ሙት ባሕር» ስላት ፊቷ ተለወጠ።

«እግሬን የነከርኩበት ነው» አለች ቀስ ብላ።

ያን ጊዜ ልብስ መስቀያ የሚል ጠፋ። አስካለ ነጥቧን ቁልቁል እያየች ቆየችና፣ ለእኔ ብቻ እንደምትናገር ሆና «ከጌታ መቃብር ብርሃኑ የወጣ ዕለት የሰው ብዛት ምንም አላሳየኝም ነበር» አለች። «የአንድ ረጅም ሰውዬ ጀርባ ነው ያየሁት። ቡኒ ኮት።»

አፌን ታውቁታላችሁ። ያን ጊዜ ግን ዝም አልኩ፤ ለቡኒ ኮቱ ስል።

አስካለ ግን አስካለ ናት፤ ወዲያው ቀና አለች። «አይተሻታል፣ አልክድም፤ ዘንግሽም ይቁም። ግን ደንቡ ደንብ ነው፣ ብዙነሽ። በማየት ኢየሩሳሌም አይባልም። መሳለም አለበት። አንቺ አልተሳለምሽም።»

ልክ ናት። እኔም ልክ ያልሆነን ነገር ነው የምከራከረው እንጂ ልክ የሆነውን አልነካም። ሦስቱን መስመሮች አሳየኋትና ታሪኩን ነገርኳት፤ ግንባር፣ ከንፈር፣ ግንባር። አንድ ባንድ በጣቷ ቆጠረቻቸው። «ይሄ እኮ ከኢየሩሳሌም ትንሽ ዝቅ ይላል» አለች።

«ጀሪካን የተሸከመ ሰው ትንሽ ዝቅ ቢል ይፈረድበታል?»

አስካለ ጨው አቀበለችኝ፤ ሳልጠይቃት።

ስዕሉ አሁን ቤቴ ግድግዳ ላይ ነው። አስካለ ስትመጣ መጀመሪያ እሱ ዘንድ ሄዳ ትቆማለች፤ ከዚያ ነው እኔን ሰላም የምትለው። ፌቨን ዘንጉ ላይ ሌላ ዘንግ ልትጨምር ነው፤ ሰፈሩ ስም ያውጣለት። እኔ የማስበው ስለዚያ ሰውዬ ነው። አስካለ ሄዳ ተሳልማ ጀርባ አየች፤ እኔ ቆሜ አየሁ፣ አልተሳለምኩም፤ እሱ ግን እዚያችው ነጥብ ሥር ግንባሩንም ከንፈሩንም አኑሮ፣ ምንም ሳያይ፣ ምንም ሳያውቅ ጀሪካኑን አዝሎ ወረደ። እንጦጦ መንገድ ላይ ሰማያዊ ጀሪካን የተሸከመ ሰው ብታገኙ በስሙ አትጥሩት። ኢየሩሳሌም በሉት። ግራ ቢገባውም ግድ የለም፤ ትሕትናውን ያብዛልህ ብላችሁ እለፉ።