የማርሊስ ቶርቪክ ድንጋይ ላይ ስለሚጻፉት አራት መስመሮች

እትዬ ማርሊስ፣ ስብሰባ ሲያመልጥሽ ስለማትወጂ ይህን ላንቺ ጽፌዋለሁ። መሬቱ ገና በበረዶ እንደ ድንጋይ ስለጠነከረ ቀብርሽ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ተላልፏል፤ ለማንበብ ጊዜ አለሽ።

ቀን፦ እሑድ ማርች 10 ቀን 2019፣ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት።

ቦታ፦ ሰሜን ዳኮታ፣ የስኮግዳል እሳት አደጋ ጣቢያ። ለስብሰባው ሲባል መኪናው ውጭ ቆሟል።

የተገኙ፦ ሰብሳቢ አቶ ኦርቪል ትቬት፣ በምርጫ በ11 ድምፅ ያሸነፍሻቸው፤ ወይዘሮ ዴሎሪስ፣ የዘመቻሽ መሪ፤ ፓስተር ሊንዳል፤ ጸሐፊ ኒልስ፣ ወንድምሽ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። ጸሐፊው የተመረጠው ጽሕፈቱ ስለሚነበብ ሳይሆን ከቤት ውጭ እምቢ ማለት ስለማይችል ነው። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ፦ የመቃብር ድንጋዩ ላይ ምን ይጻፍ? ድንጋይ ጠራቢው ቦታው ከአራት መስመር በላይ አይበቃም ብሏል።

1. ወይዘሮ ዴሎሪስ «ሁለት ጊዜ የተመረጠች የግዛቱ ምክር ቤት አባል» ይባል አሉ። ሰብሳቢው «አንድ ጊዜ ተኩል በይው፤ የመጀመሪያውን በቆጠራ ነው የበላችኝ» አሉ። ወይዘሮ ዴሎሪስም «አንተ ሰው፣ ከሞተች ሴት ጋርም ልትወዳደር ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ከረጅም ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

2. ፓስተሩ መመካት ስለማያምር «አገልጋይ» ብቻ ይበቃል አሉ። ይህም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሁለቱ ውሳኔዎች እንደሚጋጩ ጸሐፊው አስተውሏል፤ ነገር ግን በከተማችን ሰውን ፊት ለፊት መቃወም ነውር ስለሆነ እሱም እጁን አውጥቷል።

3. ወይዘሮ ዴሎሪስ በዋሽንግተን የፌዴራል መስኖ ጉዳይ ምክትል ኃላፊ መሆንሽ ይጨመር አሉ። ሰብሳቢው «እሱንስ ተይው። ተባርራ መምጣቷን አገር ያውቃል» አሉ። ፓስተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጸሐፊው ለመናገር ፈቃድ ጠየቀ። «ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይናገርም፣ የኔ ልጅ» ተባለ። ጸሐፊው ግን ተናገረ፦ «አልተባረረችም። እናትና አባታችን ሲሞቱ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቁርስ የሚያበላኝ ሰው ስላልነበረ ነው ሥራዋን ጥላ የመጣችው።» ድምፁ መቆራረጡ ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ራሱ ጠየቀ፤ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ጸሐፊው መሰረዙን ረስቷል።

ሰብሳቢው ባርኔጣቸውን ብዙ ካገላበጡ በኋላ «ታዲያ ስምንት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገረችንም?» አሉ። ወይዘሮ ዴሎሪስ «መመካት አያምርማ» አሉ።

ውሳኔ፦ በሰብሳቢው አቅራቢነት ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ስምሽ፣ የተወለድሽበትና ያረፍሽበት ዓመት ብቻ ይቀረጻል፤ የተረፈው ቦታ ባዶ ይሁን ተብሏል። ስብሰባው 10፡40 ላይ ተበተነ። ለስብሰባው ከቀረበው የድንች ጋገራ የተረፈውን ሁሉ ጸሐፊውን አሸከሙት።

ተጨማሪ፦ ዛሬ ሰኞ ጠዋት፣ አብራኝ የሰነበተችው አክስታችን ወደ ቤቷ ስለሄደች ብቻዬን ነበርኩ። እንደ ልማድሽ በማንኪያው ጠረጴዛውን መትቼ «የቀረበው ሐሳብ የአጃ ገንፎ ነው፤ የሚቃወም?» አልኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ስቃወም የኖርኩት እኔ ነኝ። ገንፎውን ሠራሁት፤ ልክ እንዳንቺው ከሥሩ አረረ። ቆሜ በላሁት።

የተቃወመ አልነበረም።