ሰባት እስር ጎመን ለሦስት ሰው

ይህን ታሪክ ተሳስቼ ላስታውሰው እችላለሁ፤ ከወዲሁ ብናገር ይሻላል። ጎመኑ ሰባት እስር ይሁን ስምንት እንኳ ከራሴ ጋር ስንት ጊዜ ተከራክሬያለሁ። በመጨረሻ ሰባት ነው ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ሰባት ለሦስት ሲካፈል ሁለት ሁለት ይደርስና አንድ ይተርፋል፤ ያቺን የተረፈችውን አንድ ደግሞ በጠመኔ እንደከበብኳት በደንብ አስታውሳለሁ። ስምንት ቢሆን ኖሮ የሚተርፈው ሁለት ነበር። ስለዚህ ሰባት ነው። ይመስለኛል።

ወደ ጎመኑ ከመድረሳችን በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ትናንት ማታ ምን በላችሁ? ቆዩ፣ አትመልሱ። እውነቱን እንደማትነግሩኝ አውቃለሁ፤ እኔም ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም። ሰው ስለ ሥራው ወይም ስለ ዕድሜው ሲዋሽ አንድ ምክንያት ይኖረዋል። ስለ እራቱ ሲዋሽ ግን ማንም ሳያስገድደው ነው። አንዱ ያልበላውን ይጨምራል፣ ሌላው የበላውን ይደብቃል። በክረምት ደግሞ ይብሳል። በበጋ እራት ያው እራት ነው። ሐምሌ ገብቶ የንፋስ ስልክ ብርድ በበር ሥር ሾልኮ ቁርጭምጭሚት ሲይዝ፣ ጭቃው ጫማን ከእግር ነጥቆ ሲያስቀር፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ግን ሰው ግማሹን የሚሞቀው በድስቱ፣ ግማሹን ደግሞ በድስቱ ወሬ ነው።

ይህን የተማርኩት ሳስተምር ነው። በደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት በምጠብቅበት ክረምት፣ ቀበሌያችን ለመሠረተ ትምህርት አስተማሪነት መደበኝ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በቀበሌው አዳራሽ፣ አሥራ አንድ ሴቶች። (ስማቸውን በደብተር ስለያዝኩ በዚህ ቁጥር አልጠራጠርም።) ከክፍሉ ሁሉ በዕድሜ ትንሹ አስተማሪው ነበር።

ፊደል ጨርሰን ወደ ዓረፍተ ነገር ስንገባ ምን እንደማጽፋቸው ጨነቀኝ። የተሰጠኝ መጽሐፍ ስለ ትራክተርና ስለ ምርት ያወራል፤ ተማሪዎቼ ስለ ትራክተር የሚሉት ነገር አልነበራቸውም። «እሺ፣ ትናንት ማታ ለእራት ምን እንደሠራችሁ ጻፉና አንብቡልን» አልኳቸው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ክፍሉ የእኔ መሆኑ ቀረ።

እትዬ ዘይነባ ከስልጤ አገር የመጡ፣ በደጃፋቸው ቅቤና ዘይት የሚቸረችሩ ሴት ናቸው። ተነሱና በጣታቸው ፊደሉን እየተከተሉ «ት-ና-ንት አ-ተ-ካ-ና ሠ-ራሁ» ብለው አነበቡ። አተካና በቡላ፣ በአይብና በቅቤ የሚሠራ፣ ለሰርግና ለበዓል የሚቀርብ ምግብ ነው። ክፍሉ ምራቁን ዋጠ። ከፊተኛው ወንበር እትዬ አስካለ ብቻ ዞር አሉ።

«አንቺ ዘይነባ፣ ትናንት ከቤትሽ የወጣው ሽታ የምስር ነው። አተካናው በየት በኩል ወጣ?»

«በህልሜ በኩል!» አሉ እትዬ ዘይነባ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

እትዬ አስካለን ላስተዋውቃችሁ። የክፍሉ አለቃ ነበሩ፤ ማንም አልመረጣቸውም። አፍንጫቸው ነው የሾማቸው። ከግቢያቸው በር ላይ ቆመው የማን ሽንኩርት እንዳረረ፣ ማን በዘይት ማን በቅቤ እንደሚያቁላላ፣ ቅቤው የሰሞኑ ይሁን የአምና ያለ ስህተት ይናገራሉ። በእሳቸው ፊት እራትን ማጋነን የማይታሰብ ነገር ነበር። ጾም ላይ ደግሞ ቀልድ አያውቁም። አንድ ጊዜ ታመው ሐኪም ወተት ቢያዝላቸው «ጾሙ ይውጣና እታመማለሁ» ብለው ተመለሱ ይባላል። ይህንን አላጣራሁም፤ ያወቋቸው ሁሉ ግን ሳያጣሩ ያምኑታል።

ሦስተኛዋ እትዬ ማርታ ናቸው። ከከምባታ የመጡ፣ ዝምተኛ፣ ባለቤታቸው ፋብሪካ የሚሠራ፣ አንዲት ልጅ ያላቸው ሴት ናቸው፤ የሚኖሩትም ከሁለቱ ሴቶች ጋር በአንድ ግቢ ነው። እትዬ ማርታ ጴንጤ ነበሩ። ያኔ የጸሎት ቤቶቻቸው ታሽገዋል፤ በየቤቱ ተሰብስቦ መጸለይ ደግሞ ያሳስራል። ስለዚህ ረቡዕ ረቡዕ ሲመሻሽ አሥር አሥራ አምስት ሰው በጃንጥላ ተከልሎ አንድ በአንድ ወደ እትዬ ማርታ ቤት ይገባል፣ በሹክሹክታ ይጸልያል፣ በሹክሹክታ ይዘምራል፣ ከዚያ የሚበላውን በልቶ አንድ በአንድ ይወጣል። ለጠየቀ ሰው መልሱ «እራት ተጠርተን ነው» የሚል ነው። ድስቱም ስለሚመሰክር ውሸት አይባልም። የግቢው ሰው በሙሉ ያውቃል። እትዬ አስካለ ግድግዳ ስለሚጋሩ በየሳምንቱ «እናንተ ስታንሾካሹኩ እኔ እንቅልፍ አጣሁ፤ ጮክ ብላችሁ ጨርሱትና ልተኛበት» እያሉ ይተርቧቸዋል እንጂ ለውጭ ሰው ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ቤቴ ከመንገዱ ማዶ ነው።

ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታ ተያዘ። እትዬ አስካለ ስለ ሽምብራ አሳና ስለ ስልጆ እየጻፉ የጾም ምግብ እንዲህ የሚጣፍጥ ከሆነ ጾምነቱ ምኑ ላይ ነው አሰኙን። አንድ ሐሙስ ጓድ ብርሃኑ ክፍሉን ሊጎበኙ መጡ። ጓድ ብርሃኑ የቀበሌው የትምህርት ኮሚቴ ተጠሪ ናቸው፤ ከትምህርት ሌላም የሚከታተሉት ነገር እንዳለ ይወራል። ከኋላ ተቀምጠው ማስታወሻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። እኔም ተማሪዎቼን ላሳይ ጎበዝ ጎበዙን መምረጥ ጀመርኩ። እትዬ ማርታ ተነስተው አነበቡ፦

«ትናንት ማታ ሰባት እስር ጎመን ከተፍኩ። በቅቤና በኮረሪማ ለወስኩት። በቆጮ በላን።»

አንድ ፊደል አልሳቱም። እዚያ ላይ «ጎበዝ» ብዬ ባስቀምጣቸው ኖሮ ይህ ወግ አይኖርም ነበር። እኔ ግን ሒሳብም እንደማስተምር ለጓድ ብርሃኑ ማሳየት አማረኝ።

«እትዬ ማርታ፣ ቤተሰብዎ ስንት ነው?»

«ሦስት» አሉ፤ ድምፃቸው እምብዛም አልተሰማም።

ጠመኔ አነሳሁ። ሰባት ለሦስት ሲካፈል አንዱ ሁለት ሁለት እስር ይደርሰዋል፣ አንድ ይተርፋል። የተረፈችውን ከበብኳት። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞሬ፣ ዛሬም ሳስበው ጆሮዬን የሚያግለውን ነገር ተናገርኩ። «አንድ ሰው በአንድ እራት ሁለት እስር ጎመን ሊበላ አይችልም። ስለዚህ ወይ ጎመኑ በዝቷል፣ ወይ ሰዎቹ አንሰዋል።»

የሳቀ የለም። አሥር ሴቶች ያዩኝ የነበረው የጎረቤት ድስት እንደደፋ ልጅ ነው። እትዬ ማርታ ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው ቆመዋል። ጓድ ብርሃኑ ቀና አሉ።

«ልጁ ልክ ነው። ጓዲት ማርታ፣ ትናንት ሰው ነበራችሁ እንዴ?»



«እኔ ነበርኩ» አሉ እትዬ ዘይነባ። «ከነአራት ልጆቼ። የእኔ ልጆች ደግሞ ሲበሉ አላዩአቸውም እንጂ ጓድ፣ ጎመኑ ቢያንስ እንጂ አይበዛም።»

«ስምንት ሰው» አሉ ጓድ ብርሃኑ እየጻፉ። «ሌላስ?»

«እኔም ነበርኩ።»

ሁላችንም ዞርን። እትዬ አስካለ ናቸው። ጓድ ብርሃኑ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «እርስዎ? ፍልሰታ አይደለም እንዴ? በዚያ ላይ ረቡዕ?»

«ብርዱ ነው። ምን ላድርግ፣ ብርዱ አሸነፈኝ።»

«ጎመኑ በቅቤ ነው ተብሎ ተነቧል።»

«አዎ፣ በቅቤ ነው» አሉ እትዬ አስካለ አገጫቸውን ቀና አድርገው። «እንዲያውም ደገምኩ።»

የሰውን አተካና በአፍንጫቸው የሚያፈርሱት ሴት፣ በአሥር ጎረቤት ፊት፣ ያልበሉትን እራት፣ ያውም የጾም መግደፊያ እራት፣ በሉ።  ከዚያ ጓድ ብርሃኑ ማስታወሻቸውን አጥፈው «እትዬ አስካለን ጾም ያስገደፈ ጎመን ሳልቀምስ አልቀርም» አሉ። «በሚቀጥለው ረቡዕ እመጣለሁ። አስተማሪውም ይምጣ፣ ሒሳቡን ያጣራል።»

ስንወጣ እትዬ ዘይነባ ጆሮዬን ይዘው ወደ ግድግዳው አስጠጉኝና የረቡዑን ነገር ሁሉ ነገሩኝ። «አንተ ልጅ» አሉ ሲጨርሱ፣ «ይህን ማካፈል የሚባል ነገር ማነው ያስተማረህ?»

ረቡዕ ለጸሎት የሚመጡት እንዳይመጡ ተነገራቸው። ገና ሳይጨልም የእትዬ ማርታን ትሪ ከበብን፤ እሳቸውና ባለቤታቸው ከነልጃቸው፣ እትዬ ዘይነባ ከነአራት ልጆቻቸው፣ እትዬ አስካለ፣ ጓድ ብርሃኑና እኔ። አሥራ አንድ። ጎመኑ በጣባ ሆኖ እየጨሰ መጣ። ጓድ ብርሃኑ ግድግዳውን አዩ፣ ጥግ ላይ የተደራረቡትን በርጩማዎች አዩ። ለሦስት ሰው በርጩማዎቹ ብዙ ነበሩ፤ እኔ ግን በዚያ ቀን ለማንም ምንም አላካፈልኩም። ከዚያ ዓይናቸው እትዬ አስካለ ላይ አረፈ።

«እርስዎ ይጀምሩልን እንጂ። ያውቁት የለም?»

እትዬ ማርታ ቆጮ ቆርሰው ጎመኑን ጠቀለሉ። «እትዬ አስካለ፣ በሞቴ» አሉ። እትዬ አስካለ አንድ ጊዜ ጣሪያውን አዩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አፋቸውን ከፈቱ። ጉርሻው ገባ። አላመጡ። ማላመጣቸውን ድንገት አቆሙ። ዓይናቸውን ገልጠው እትዬ ማርታን ትክ ብለው አዩ። እንደገና ማላመጥ ጀመሩ።

«ወይ ቅቤ!» አሉ እንደ ዋጡ። «ወይ ቅቤ! አንቺ ልጅ፣ ይህን ቅቤ ከየት አመጣሽው?» ራሳቸው ቆርሰው፣ እንዳሉት ደገሙ። እንዲያውም ሠለሱ።

ሁላችንም በላን። ጓድ ብርሃኑ ጣባው እስኪታይ ድረስ በሉ። እኔም በላሁ፤ ቅቤውም ጥሩ መስሎኝ ነበር። ሲወጡ በሩ ላይ ጃንጥላቸውን እየዘረጉ «ሒሳቡ ትክክል ነው» አሉ። ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ። «ረቡዕ ረቡዕ እራት መልካም ነገር ነው። ድምፃችሁን ቀነስ አድርጋችሁ ብሉ።» ከዚያ ወዲያ የጠየቀ የለም። በቀጣዩ ሳምንት ጃንጥላዎቹ አንድ በአንድ ተመለሱ።

እኔ ግን ጥፋቴን ይዤው ኖርኩ። የአንዲት ሴት ጾም በእኔ ማካፈል ምክንያት ፈርሷል፤ እንዴት ብዬ ልካሰው? ሥርዓቱ ከተለወጠ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለበዓል ሰፈር ሄጄ እትዬ ማርታ ቤት ገባሁ። ጸሎታቸው አሁን ድምፅ ማጉያ አለው፤ እትዬ አስካለም እንቅልፍ ማጣታቸውን ቀጥለዋል። የሆዴን አወጣሁላቸው።

እትዬ ማርታ ሳቁብኝ። «የምን ቅቤ? አስካለን በፍልሰታ ቅቤ ላበላት? የዚያን ዕለት በኑግ ዘይት ነው የሠራሁት።»

«እሳቸው ያውቁ ነበር?»

«ቀድሜ ልነግራት ነበር፤ ሰውየው ተከትሏት ገባ። እሱ መሀል ተቀምጦ እንዴት ልበላት?»

በዚያው ግድግዳውን ዞሬ እትዬ አስካለ ጋ ገባሁ። ያ ጎመን በቅቤ ነበር ወይስ በዘይት ብዬ በቀጥታ ጠየቅኳቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እንደዚያ ያለ ቅቤ» አሉ፣ «ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ቀምሼ አላውቅም።»

ሁለት ምስክር፣ ሁለት ቃል። ጠባዬን ታውቁታላችሁ፤ አላስቻለኝም። እትዬ ዘይነባ ያኔም አሁንም እዚያው ደጃፋቸው ላይ ናቸው። ጠየቅኳቸው። እንደነገሩኝ ከሆነ፣ ከለቡ በኩል የመጣ አዲስ ቅቤ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጦ ሳለ እትዬ ማርታ መጥተው እንዳላዩ ሆነው አልፈውት፣ በዚያች ረቡዕ ጠዋት የገዙት አንድ ጠርሙስ የኑግ ዘይት ነው።