እስከ አራት መቁጠር

(ኢየሩሳሌም፤ ብርዳም ማለዳ። ገዳልያና ፊሽል ሚስቶቻቸው ካረፉ ወዲህ አንዲት ክፍል ተጋርተው የሚኖሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ዛሬ የገዳልያ እናት ሙት ዓመት ነው። ስለ ነፍሳቸው ጸሎት እንዲደርስ አሥር ወንድ መሙላት አለበት፤ ምኩራብ ውስጥ ስምንቱ ተቀምጠው በር በሩን ያያሉ። ገዳልያ ካፖርቱን ደርቦ ቆሟል። ፊሽል ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቧል።)

ፊሽል፦ አልነሣም አልኩህ። በሕጋችን ከእንቅልፉ የነቃ ሰው እጁን ሳይታጠብ አራት ክንድ አይራመድም።

ገዳልያ፦ ታዲያ ታጠባ።

ፊሽል፦ በምን? ማታ ከአልጋዬ ሥር ያኖርኩትን ውሃ በእግርህ ደፋኸው።

ገዳልያ፦ ጨለማ ነበር፣ ወንድሜ። ማድጋው ግን እዚያ ጥግ ሙሉ ነው።

ፊሽል፦ እስከዚያ ስድስት ክንድ ነው።

ገዳልያ፦ እኔ ቀድቼ ላምጣልህ።

ፊሽል፦ አንተስ በደንብ ታጥበሃል? በየእጅህ ስንት ስንት ጊዜ አፈሰስክ?

ገዳልያ፦ ሦስት ሦስት... መሰለኝ።

ፊሽል፦ መሰለኝ ይላል። እስከ አራት መቁጠር የማይችል ሰው የቀዳውን ውሃ አልነካም።

(ገዳልያ አልተቀየመም። እናቱም በሕይወት ሳሉ ይህንኑ ይሉት ነበር። ቀስ ብሎ አሰበና ወደ አልጋው ራስጌ ዞረ፤ ፊሽልን እንደ ተኛ ከነአልጋው ወደ ማድጋው ይገፋው ጀመር። አልጋው ሲጢጥ እያለ አንድ ክንድ ያህል ሄደና እግሩ የወለሉ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ገባ።)

ፊሽል፦ ቆይ፣ ቆይ። አልጋው ተሸክሞኝ ሲሄድ የሄደው እኔ ነኝ ወይስ አልጋው? ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። አንተ አይገባህም፤ ከመጽሐፍ ላሳይህ።

(ብርድ ልብሱን ገፎ ይነሣል። መስኮቱ ላይ ያለውን መነጽሩን ያነሣል፤ ጥግ ካለው መደርደሪያ መጽሐፉን ያወርዳል፤ ተመልሶ አልጋው ላይ ይወጣና ይከናነባል።)

ፊሽል፦ ይኸው፣ ስማ። «ሳይታጠብ አራት ክንድ አይራመድ።»

ገዳልያ፦ መጽሐፉ የት ነበር፣ ፊሽል?

ፊሽል፦ መደርደሪያው ላይ ነዋ።

ገዳልያ፦ መደርደሪያውስ?

ፊሽል፦ ከማድጋው በላይ...

(መነጽሩን አውልቆ መስኮቱን ያያል፤ ከዚያም ባዶ እግሩን። ሄዶ ይታጠባል፤ ጫማውንም ያጠልቃል።)

ፊሽል፦ (በሩ ላይ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ) ገዳልያ፣ ይህን ነገር ምኩራብ ላሉት ሰዎች...

ገዳልያ፦ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ? እስከ አራት መቁጠር አልችልም። አሁን ግን ና፤ እናቴን አናስጠብቃቸው።