ሾሙሮድ አካ ደሞዝ ሲጠየቁ

ደሞዝ ይጨመርልኝ ሲሉት የሚቆጣ አለቃ ዕዳው ገብስ ነው፤ ቁጣውን ሰምተህ ትወጣለህ፣ አለቀ። መከራው ደግ አለቃ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሰው የማያውቅ ተቀጣሪ ካለ፣ እሱ ገና ሥራ አልጀመረም።

ለሳማርካንዷ ጥልፍ ሠሪ ለናሲባ የደረሷት የደግ አለቆች ሁሉ አለቃ፣ ክቡርነታቸው ሾሙሮድ አካ፣ በእኛ አባባል ጋሽ ሾሙሮድ፣ ነበሩ። ሥራ በጀመረች በዓመቷ "ስለ ደሞዜ ነበር" ብላ ቢሯቸው ገባች።

"መጀመሪያ ተቀመጪ! የእናትሽ ጉልበት እንዴት ሆነ?" አሉና ከሁለት ጉንጭ የማትበልጥ ሻይ ቀዱላት። በዚያ አገር ለተከበረ ሰው እንዲህ ነው፤ ትንሽ ይቀዳል፣ ሲያልቅ ይደገማል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ሞልቶ የተቀዳለት ሰው ግን "ጠጣና በል ሂድ" ተብሏል። ለናሲባ አሥራ አንድ ጊዜ ተቀዳላት። ስለ ጉልበት፣ ስለ ዝናብ፣ ሾሙሮድ አካ በወጣትነታቸው ስላፈቀሯት የባቡር ትኬት ሻጭ ሰማች። ስትወጣ ሐብሐብ ታቅፋለች። ደሞዙ ትዝ ያላት ቤቷ ስትደርስ ነው።

በሳምንቱ ተመለሰች። "እንዳንቺ ያለ እጅ በገንዘብ ይለካል?" አሏት፤ እንባ ተናነቃቸው። እሷም አብራ አለቀሰችና ዘቢብ ተሸክማ ወጣች። በሦስተኛው ሹመት ሰጧት፤ "የቀይ ክር ኃላፊ"። ቀይ ክር የሚነካ ሌላ ሰው በጥልፍ ቤቱ አልነበረም።

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ታሽከንት ያለ ጥልፍ ቤት እጥፍ ሊከፍላት ጠርቷታል። ብትሄድ እናቷ ብቻዋን ልትቀር ነው፤ ብትቀር ደሞዟ ለመድኃኒት አይበቃም። በአራተኛው ሻዩን ሳትነካ "ሾሙሮድ አካ፣ ካልጨመሩልኝ ሰኞ መሄዴ ነው" አለች።

ሽማግሌው ደንግጠው ዐይን ዐይኗን ያዩ ጀመር። እጃቸው ግን ከልማዱ መቅዳቱን አልተወም፤ ስኒው ሞላ፣ ጢም አለ፣ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ሁለቱም ስኒውን አዩት።

"ሂጂ ማለትዎ ነው?" አለች ናሲባ።

"ወይ ውርደቴ! እኔ ሾሙሮድ ሰው ከቤቴ ላባርር? እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም!" ፎጣ ፈልገው አጡ፤ በመሐረባቸው ጠረጴዛውን ይጠርጉ ጀመር። "ስንት ይጨመርልኝ ነበር ያልሽው?"

"መቼ አስጨረሱኝና!"

አሁን አስጨረሷት። የጠየቀችውን ሳይከራከሩ ጨመሩላት።

ከዚያ ወዲያ የምትጠይቀው ነገር አልነበረምና ቢሮ የሚያስገባት ምክንያትም ጠፋ። እናቷ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውጣለች፣ ናሲባ ግን ከመርፌዋ ቀና እያለች የቢሯቸውን በር ታያለች። ዛሬም ስለዚያ ዘመን ስታወራ የሚናፍቃት ጥልፉ አይደለም። ደሞዙ በተጨመረ በስድስተኛው ወር አላስቻላትም፤ አንኳኳች።

"ምን ፈለግሽ ልጄ?"

"ደሞዝ እንዲጨምሩልኝ ነበር" አለች፣ ዐይኗን በጨው አጥባ።

የሾሙሮድ አካ ፊት በራ። ብድግ ብለው ወንበር ሳቡላት።

"አይሆንም! በፍጹም አይሆንም!" አሉ፣ ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው። "ለምን እንደማይሆን ግን ቁጭ ብለን መነጋገር አለብን።"