ወደ ግድግዳው ዞረው ያዩት ፊልም

በመጀመሪያ ስለ እጅ ጽሑፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፊደሎቼ እንደ ፍየል መንጋ ናቸው፤ አንዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ አንዱ ከመስመሩ በታች ይወርዳል። ስለ ፊደል ግድፈቴም እንዲሁ ይቅርታ። እኔ የተማርኩት በቡና መንደሬ በኢዲዶ፣ በጌዴኦኛ ነው፤ ስምንተኛ ክፍልን እንደ ምንም ጨርሼ አቆምኩ። የአማርኛን ፊደል አጥርቼ የለየሁት ዲላ ከመጣሁ በኋላ ነው፤ ያስተማሩኝም እትዬ አሰለፈች ናቸው። "እሳቱ ሰ ሌላ፣ ንጉሡ ሠ ሌላ" እያሉ ብዙ ደክመውብኛል። የማወጋችሁ ነገር ደግሞ ንጉሥም እሳትም ያለበት ስለሆነ መሳሳቴ አይቀርም። ሲያጋጥማችሁ እለፉኝ።

ሰው የሚጠብቀውን ነገር ማን እንደያዘበት ካወቀ መታገሥ ይችላል። ዝናብን እግዜር ይዞታል ብሎ ይታገሣል። ደመወዝን መንግሥት ይዞታል ብሎ እያማረረም ቢሆን ይታገሣል። የያዘበትን ሳያውቅ ሲቀር ግን ዓይኑን አጠገቡ ባለ ሰው ላይ ይጥላል። በእኛ ግቢ ዓይን የተጣለበት ከድር ነው።

ከድር ከጅማ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ በእትዬ አሰለፈች ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። እትዬ በወጣትነታቸው ከመንዝ በአስተማሪነት ተመድበው ዲላ መጡ፤ ጡረታ እስኪወጡ አማርኛ አስተማሩ፤ ባል እንጂ ልጅ አላገኙም፤ ባላቸውም ቀድመዋቸው ሞቱ። እኔ ቤት ላግዛቸው ከኢዲዶ መጥቼ አብሬያቸው የምኖር ነኝ። ዓይን አፋር ነኝ። ሰው ሲያናግረኝ መልሱ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና እዚያው ቁጭ ይላል። ሊያጽናኑኝ የሚፈልጉ ሰዎች "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ይሉኛል። እውነት ነው፣ ዝንብ አልገባም። ቃልም አልወጣም።

ባለፈው ዓመት ከድር አንድ የውጭ ተከታታይ ፊልም ማውረድ ጀመረ። አርብ ከጁምዓ መልስ በዩኒቨርሲቲው ዋይፋይ ያወርደዋል፤ ቅዳሜ ከሰዓት፣ መብራት ካለ፣ ላፕቶፑን በረንዳው ላይ በርጩማ አስደግፎ ይከፍተዋል፤ የግቢውም የጎረቤቱም ሰው ይሰበሰባል። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እሱ በየመሀሉ እያቆመ ይተረጉምልናል። ታሪኩ ስሟን ስለተሰረቀች ልጅ ነው። አንድ ክፉ ንጉሥ የሰዎችን ስም እየሰረቀ በማሰሮ ያጠራቅማል። ስሙ የተሰረቀበትን ሰው ዘመዶቹ ሁሉ ይረሱታል፤ የገዛ እናቱ እንኳ በሩን ከፍታ "የማን ልጅ ነህ?" ትለዋለች። ልጅቷም እናቷ ስለረሳቻት፣ አንድ ዓይን ባለው ዘንዶ ጀርባ ላይ ሆና ስሟን ፍለጋ አገር ላገር ትዞራለች። ስሟ ማን እንደሆነ እኛ ተመልካቾችም አናውቅም። እስከ መጨረሻው ክፍል አይነገርም።

እትዬ ዘንዶው ብቅ ባለበት በመጀመሪያው ቅዳሜ "በስመ አብ!" ብለው ወንበራቸውን አዞሩ። አልጋቸው ራስጌ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል ተሰቅሏል። "ጊዮርጊስ የገደለውን እኔ በረንዳዬ ላይ አላስተናግድም" አሉ። ይሁንና ተነሥተው ወደ ቤት አልገቡም። ጀርባቸውን ለፊልሙ፣ ፊታቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ቀሚሴን ጎተት አደረጉና በሹክሹክታ "ምን ሆነች?" አሉኝ። ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው ነገርኳቸው።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ሥራዬ ይኸው ሆነ። ንግግሩን ከድር ጮክ ብሎ ይተረጉማል፤ የሚታየውን እኔ በጆሯቸው አንሾካሹካለሁ። ሰው ፊት አንድ ዓረፍተ ነገር የማልጨርሰው ልጅ በእትዬ ጆሮ ውስጥ ተራራ እወጣለሁ፣ ባሕር እሻገራለሁ። ዘንዶውን ብቻ ከልክለውኛል። "እሱን ዝለዪው" ይላሉ። አንድ ዓይኑ የጠፋው ልጅቷን ሲያድን እንደሆነ ከድር የተረጎመ ቀን ግን ወደ ግድግዳው "ምስኪን" ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

የሌላውን ሰው ነገር ደግሞ ተመልከቱ። አቮካዶና ሙዝ የምትነግደው ተከራያችን ማርታ እንደ እኔ ጴንጤ ናት፤ ፊልሙ ጥንቆላ መሆኑን በየሳምንቱ ታረጋግጣለች፤ ጥንቆላ መሆኑን ለማረጋገጥም ከሁሉ ቀድማ መጥታ ከፊት ትቀመጣለች። ጋሽ በየነ፣ የሰፈራችን ዕድር ሰብሳቢ፣ በሞያሌ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዱ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ዘንዶው ተራራ በዞረ ቁጥር "ማርሽ ቀንስ!" ይሉታል። ሳምንቱን ሙሉ ወሬው ሁሉ የልጅቷ ስም ሆነ። ማርታ "ጸጋ ነው" ብላ ቆረጠች። ጋሽ በየነ "እንዲህ ያለች ግትር ዘነበች ናት፤ አክስቴ ቁርጥ እሷን ነበረች" አሉ። ፈረንጅ ዘነበች እንደማትባል ሊያስረዳቸው የሞከረ አልነበረም። እትዬ አልገመቱም።

አንድ ቅዳሜ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ወንበሩን ሳነሣ፣ እትዬ ሳይጠየቁ ተናገሩ። "እኔንም እናቴ ረስታኝ ነበር" አሉ። "ከብዙ ዘመን በኋላ መንዝ ሄድኩ። አርጅታ ልቧ ጠፍቶ ነበር። ደጃፏ ላይ ቆሜ 'የማን ልጅ ነሽ?' አለችኝ። የአንቺ ብላት ሳቀች። የሰነበትኩትን ሁሉ በእንግድነት አስተናገደችኝ። እንግዳ ነሽ ብላ አልጋዋን ለቀቀችልኝ። አንድ ቀን እንኳ በስሜ ሳትጠራኝ ሞተች።" ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ያቺን ልጅ ግን እናቷ ትጠራታለች። ታያለሽ።"

ከዚያ ወዲህ እትዬ ምግብ እምቢ አላቸው። ሆዳቸው ውስጥ የበቀለ ነገር ተገኘ። ሐዋሳ ደርሰው ተመለሱ፤ ሐኪሞቹም "ቤታቸው ይረፉ" አሉ። ይረፉ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አልጋቸውን ወደ በሩ ጠጋ አድርገን፣ እሳቸው ወደ ግድግዳው ተኝተው፣ እኔ ጎናቸው ቁጭ ብዬ እነግራቸው ጀመር። ሰውነታቸው በየሳምንቱ ያንሳል። ፊልሙ ግን ገና ብዙ ቅዳሜ ይቀረው ነበር።

የግቢው ሰው ከድርን መጠርጠር የጀመረው ያን ጊዜ ነው። አትፍረዱባቸው። ከዚያ በፊት ያየናቸው የቱርክና የህንድ ትርጉም ፊልሞች ከነመጨረሻቸው በአንድ ፍላሽ የሚመጡ ነበሩ። ስለዚህ ከድር ሙሉውን ይዞ፣ እንድናከብረው፣ በየሳምንቱ እየቆነጠረ ይሰጠናል ተባለ። እኔ ግን አምኜዋለሁ። የቡና ልጅ ነኛ። ቡና በአንድ ቀን አይቀላም። ዛሬ ቀዩን ለቅማችሁ አረንጓዴውን ዛፉ ላይ ትታችሁ ትሄዳላችሁ፤ በሳምንቱ ወደዚያው ዛፍ ትመለሳላችሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሁሉን በአንዴ የሸመጠጠ ቡናውንም ያበላሻል፣ ዛፉንም ያቆስላል። ዛፉ ደብቆብኛል ብሎ ሽማግሌ የላከ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም።

በእኛ ግቢ ተላከ። ጋሽ በየነ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከድር በር ላይ ቆሙ። እኔ ውኃ እየቀዳሁ ነበር።

"ግቡ፣ ቁጭ በሉ ጋሼ" አለ ከድር።

"እሺ ሳትለን አንቀመጥም።"

ከድር ደነገጠ። "ወላሂ ምንም አላደረግኩም!" አለና ወደ እኔ አየ። ባልሠራሁት ጥፋት ፊቴ ጋለ።

"ለእሱ ሌላ ቀን እንመጣለን" አሉ ጋሽ በየነ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ። "አሁን የመጣነው ስለ ፊልሙ ነው። ሙሉውን አውጣው።"

"ጋሼ፣ ገና አልወጣም እኮ።"

"ተሠርቶ አላለቀም?"

"አልቋል።"

"ካለቀ ማነው የያዘው?"

"ኩባንያው። በሳምንት በሳምንት ነው የሚለቁት።"

"እንግዲያው ደውልለትና ሽማግሌ መጥቷል በለው።"

ከድር ሊስቅ ነበር፤ የሽማግሌዎቹን ፊት ሲያይ ተወው። ጋሽ በየነ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስማ ልጄ፣ እኛ እንጠብቃለን። ለእኛ እንደ ልማድህ በየቅዳሜው ስጠን፣ ቅር አይለንም። እትዬ ግን ከእንግዲህ ሳምንት የሚቆጥሩ ሰው አይደሉም። የልጅቷን ስም ሳይሰሙ አይሂዱብን።"

ሦስት ሽማግሌ በእግሩ ቆሞ እየጠበቀው ስለ ኩባንያ አሠራር ማስረዳት የሚችል የተማረ ሰው ካለ አሳዩኝ። "እሺ" አለ ከድር። ተቀመጡ። መርቀውት ሄዱ።

ከዚያ ቧንቧው አጠገብ መጥቶ ቆመ፤ ለእኔ ሳይሆን ለባልዲው ነበር የሚናገረው። "አሁን ከየት ልውለድላቸው?"

"ያለፈው ቅዳሜ ያየነውን ክፈተው" አልኩት። "ድምፁን ቀንሰው። እሳቸው እንደሆነ አያዩም። እኔ እነግራቸዋለሁ።"

ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ። በሐሳቤ ተገርሞ ይሁን፣ ድምፄን ገና መስማቱ ሆኖ ይሁን፣ አላወቅሁም።

በማግስቱ ከሰዓት ከድር ላፕቶፑን እትዬ አልጋ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀምጦ ከፈተውና ወጣ፤ በሩንም ዘጋው። ጋሽ በየነ ሌላ ሰው እንዳይገባ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ሲያልቅ በሩን ከፈትኩ። እትዬ ፊታቸው በርቶ ተኝተዋል።

"ስሟን ሰሙ?" አሉኝ ጋሽ በየነ።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ማን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ ቅዳሜያቸው እንዳይበላሽባቸው ፈርተዋል። ማርታማ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ሸሸች።

እትዬ የሚቀጥለውን ቅዳሜ አልደረሱም። ድንኳኑ ውስጥ ጋሽ በየነ ለቀስተኛውን "ስሟን ሰምተው ነው የሄዱት" እያሉ ያጽናኑ ነበር። ነገሩን የማያውቁ ለቀስተኞች የጸሎት ነገር መስሏቸው "ተመስገን" ይላሉ።

ሳምንታት አለፉ፤ የመጨረሻው ክፍል መጣ። ልጅቷ ማሰሮውን አገኘች፤ ቤቷ ስትደርስ ግን እናቷ ሞታ ተቀብራለች። ስሟንም ራሷ ለራሷ አነበበችው፤ ጥርስ የሚሰብር ረጅም የባዕድ ስም ነው።

"ይሄ ስም ነው የመድኃኒት ብልቃጥ?" አለች ማርታ።

"ይህን ሊነግሩን ነው ይህን ሁሉ ሳምንት ያስቆሙን?" አሉ ጋሽ በየነ።

ከድር ስልኩን አውጥቶ የሌላውን አገር ሰው አስተያየት አነበበልን። ሁሉም ይራገማል። ለካ የዓለም ሰው እንዲህ የሚሳደበው ሽማግሌ የሚልክበት አጥቶ ነው። በዚህ መሀል ጋሽ በየነ አንድ ነገር ትዝ አላቸውና ወደ እኔ ዞሩ።

"እትዬ ይህን አይተው ነው ፊታቸው የበራው?"

ሰው ሁሉ አየኝ። "ወደውታል" አልኩና ወደ ማድ ቤት ገባሁ። ከድር ከኋላዬ ጠቀሰኝ፤ ምስጢሩን ሁለታችን ብቻ የምናውቅ መስሎታል። እሱ የሚያውቀው በሩን እስከዘጋበት ድረስ ያለውን ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ለማንም አልነገርኩም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

በሩ እንደተዘጋ ዘንዶው ጮኸ። እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳደረጉ "ይህን ጩኸት ባለፈው ቅዳሜም ሰምቼዋለሁ" አሉ። የታመመው ሆዳቸው ነው እንጂ ጆሯቸው አይደለም። እኔና ከድር ይህን አላሰብነውም። ቃሉ እንደ ልማዱ ጉሮሮዬ ላይ ቁጭ አለ። እትዬ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደው እጄን ያዙ።

"ቀጥዪ" አሉ።

ቀጠልኩ። ዘንዶውን ሳልዘል ነገርኳቸው፤ አልከለከሉኝም። ልጅቷ ማሰሮውን ሰበረች። ስሞቹ እንደ ወፍ ወጥተው እያንዳንዱ ወደ ባለቤቱ በረረ። ልጅቷም ወደ እናቷ ደጅ ደረሰች።

"እናቷ ምን ትሠራለች?"

"ቡና ታሰጣለች" አልኩ። እኔ የማውቀው የእናት ሥራ እሱን ነው።

"ቡና?"

"ገብስ" አልኩ ቶሎ ብዬ። በመንዝ የሚሰጣው ገብስ እንደሆነ ነግረውኛል።

"እሺ። ከዚያስ?"

"ቀና ብላ አየቻት።"

እጃቸው ጠበቅ አለ። "'የማን ልጅ ነሽ?' አለቻት?"

"አላለቻትም። በስሟ ጠራቻት።"

"ማን ብላ?"

እኔ በትልቅ ሰው ስም ላይ "እትዬ" ሳልጨምር ጠርቼ አላውቅም። በእኛ አገር ልጅ እንዲህ አያደርግም፤ በእሳቸውም አገር አያደርግም። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። ግን እናት ከማሳ ማዶ ልጇን እንደምትጠራ ሳብ አድርጌ "አሰለፈች" አልኩ።

እትዬ ወደ ግድግዳው እንደዞሩ፣ በትንሽ ልጅ ድምፅ፣ "አቤት" አሉ።